ነፋስ አለ

ትሪየስቴ ከተማ፣ ከወደቡ ማዶ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራ ወርዶ፣
የሰው ባርኔጣ ነጥቆ፣ ጃንጥላ ሰባብሮ፣
የቤተ መጻሕፍቱን በር ይደበድባል ዞሮ።

ከምድር ቤት ክፍሉ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ሰባት ልጆች አሉኝ፤ ስምንት ናቸው በመዝገብ።
መምህር አይደለሁም፤ በሳምንቱ መሐል
የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ነው የምውል፤
ቅዳሜ ግን እዚህ የሚተኮስ የለም፣
የተጨማደደ ይሁን ዐረፍተ ነገርም።

አምና እንዲህ አልነበርኩም። ከሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ጠመኔ ይዤ፣
«ስለ አገራችሁ ጻፉ» አልኩ፣ እንደ ሹም አዝዤ።
ሰባቱም አንድ ጻፉ፦ ባንዲራ፣ ፀሐይ፣ ተራራ፣
ማንም ያልወጣበት፣ ከእኔው አፍ የተዘራ።
ያፌት ብቻ ቀና ብሎ «የቱን አገር?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝም። ጠመኔው አሳፈረኝ።

አሁን ካልሲ አለን፣ ጥንዱ የጠፋበት፣
ቃል ቆራርጠን፣ አጣጥፈን የምንከትበት፤
እጁን የሰደደ ሦስት ቃል ያወጣል፣
ይጣሉም ይዋደዱ፣ አንድ ላይ ያጋባል።
ኤልሻማ «ሳሙና»፣ «መርከብ»፣ «አማት» ደረሷት፤
አማቲቱን በሳሙና መርከብ ወደ ቬኒስ ሰደደቻት።
መርከቢቱ መንገድ ላይ ሟሙታ አለቀች፣
አማት ግን ንጹሕ ሆና ደረሰች።

ሥራም አለ። የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት ጠምዝዤ
«እስኪጮህ ብዕር አይቆምም» እላለሁ፤ «ቃል ያጣ ‹አጣሁ› ይበል፤
አሥር ጊዜ አጣሁ ያለ
በአሥራ አንደኛው ያጣውን ነገር በስሙ ይጠራል።»

እናነባለንም፤ ጮክ ብለን፣ ተራ በተራ፣
አንድ ፊደል ስሳሳት ናርዶስ ታርመኛለች፤ እኔም አልኮራ።
ጥሩ ቃል የሰማ ጠረጴዛ ይመታል፤
ከላይ ፎቅ ሲኞራ ኖርማ፣ የመጻሕፍቱ ጠባቂ፣ በተረከዟ ትመልሳለች፦
«ዝም በሉ» ይሁን፣ «ሰማሁ» ይሁን፣ ማን ያውቃል?

«እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» ያቃተው አገር ይሰጣል፤
ዳቪዴ ሁሌ ይሸነፋል።
ጎንደርን ሰጠ፣ ኡዲኔን ሰጠ፣ ፓዶቫን ደገመ፣
አገር ሲያልቅበት «የእናቴን ወጥ ቤት ውሰዱ» ብሎ ቆመ።
ተቀበልን። ገባንበት። ጻፍነው፣ መሳቢያ በመሳቢያ፦
የሞተ ባትሪ፣ ቁልፍ የሌለው የቁልፍ ማንጠልጠያ፣
ባልተከፈለ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ የተሣለ ዓሣ።
ያፌት፣ ያ «የቱን?» ያለኝ፣
ቀና ሳይል ይጽፍ ነበር።

ስምንተኛዋ ትንግርት ከተሰቀሉት ካፖርቶች ሥር
አምስት ቅዳሜ ተቀመጠች፣ አንዲት ፊደል ሳታሰፍር።
ካልሲው ሲደርሳት ቃል ታወጣለች፤ አይታ ኪሷ ትከታለች፤
ኪሷ ሲያብጥ እያየሁ «ጻፊ» አላልኳትም፤ እያነበበች ነበረች።

በስድስተኛው፣ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ፣
ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። ሁለት ቃል፦
«ነፋስ አለ።»

«ጠብቆ ነው!» አለ ያፌት፤ «ይኸው ነፋስ፣ ውጭ አለ።»
«ላልቶ ነው!» አለች ኤልሻማ፤ «ነፋስ ተናገረ፤ ምን እንዳለ ግን ገና አልተባለ።»
እኔም አፌን ከፈትሁ፣ ሰዋስው ልነግራቸው፤
ቀደመችኝ ትንግርት፣ ከካፖርቶቹ ሥር፣ ሳታያቸው፦
«መጀመሪያ ላልቶ ነው። ይናገራል።
ከተናገረ ወዲያ ይጠብቃል፤ ይኖራል።»

ወጣች። ኪሷን ገለበጠች፤ የአምስት ቅዳሜ ቃል ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።
«ታዲያ ነፋሱ ምን አለ?» አላት ዳቪዴ።
«ቆይ» አለችው፤ ትመርጣለች።

ጠረጴዛውን መታን፤ ከላይ ተረከዝ አልተሰማም፤
ሲኞራ ኖርማ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቁልፍ ይዛ፤ አማርኛ አትሰማም።
ሰዓቱ አልፏል።
አልዘጋችም።